ጫማ ስትሰማ እጇን የምታነሳው ልጄ

ልጄ ቀኝ እጇን ወደ ላይ መዘርጋት የተማረችው ከእኔ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጣልያን ያስተማራት ይመስለዋል፤ ከፊቴ የማይለውን ከኋላዬ ይላል። እኔ ነኝ ያስተማርኳት። እዚሁ ቂርቆስ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ከአጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ፣ ሁለት ድንጋይ እያጋጨሁ፣ የሽምብራ ቆሎ በመዳፏ ላይ እያስቀመጥኩ። ሌላው ሰው እንዳሻው ሲያወራው ሰለቸኝና እኔው ልጽፈው ተነሣሁ። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ፊደል ቆጥሬ ንባብ እንደጀመርኩ ዳሩኝ። የተጣመመ ቢኖር አንባቢ ያቃናው።

ልጄ ስትወለድ ቶሎ አላለቀሰችም። አዋላጇ እግሯን ይዛ፣ ዘቅዝቃ፣ ጀርባዋን መታ መታ ስታደርጋት ነው ድምፅ ያወጣችው። ከዚያ ወዲህ ሁሉ ነገሯ ዘገየ። መቀመጡም፣ መቆሙም፣ መናገሩም። እኩዮቿ ውሃ መቅዳት ሲጀምሩ እሷ ገና ራሷን ማጉረስ ትለማመድ ነበር። ሰው «ምን ሆና ነው?» ሲለኝ «ዝምተኛ ናት» እል ነበር። ኋላ መናገር ስትጀምር ደግሞ ያየችውን ሁሉ ጮክ ብላ የምትናገር ሆነች። «እማ፣ ሰውዬው አፍንጫው ትልቅ ነው!» ትላለች፣ ሰውዬው እፊታችን ቆሞ። ዝምተኛ ናት ማለቱም ቀረብኝ።

አባቷ ግን «ምን ያስቸኩላታል፣ ማን ያባርራታል?» እያለ ይስቅ ነበር። እሷን አይቶ ሳይከፋው የሚስቅ ሰው እሱን ብቻ አውቃለሁ። ጣልያን በሰሜን በኩል የመጣ ጊዜ ዘመተና ቀረ። ሬሳውን አየሁ ያለኝም የለም፣ ሞተ ብሎ ያረዳኝም የለም። ቀረ፣ በቃ።

ጠበል አስጠምቄያታለሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠች፣ «እማ በቃኝ፣ እማ በቃኝ» እያለች። በመጨረሻ አጥማቂው በሰው ፊት «ይሄ ከእናቲቱ ኃጢአት ነው» አለ። ምን እንደሠራሁ እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው። እግዚአብሔርን አልተውኩም፤ ሰውዬውን ግን ተውኩት። ያን ቀን እጇን ይዤ ስመለስ መንገድ ላይ ቁርጤን አወቅሁ። የሚያድናት የለም። እንግዲያስ እኔ ስሞት የሚያኖራትን ነገር ላስተምራት አልኩ። ሌላ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ኖሮኝ አያውቅም። ስተኛም ስነሣም እኔ ስሞት፣ እኔ ስሞት ነው።

ማስተማሩን ማንም አላሳየኝም። ተሳስቼ ተሳስቼ ነው የገባኝ። ልጄ ነገር የሚገባት ተራው ካልተዛባ ነው። እኛ «ልብስ ማጠብ» ብለን ባንድ ቃል እንጠራዋለን፤ ቁጭ ብዬ ስቆጥረው ግን ከሃያ ሥራ በላይ ነው። እንዶዱን መውቀጥ አንድ ሥራ ነው። አረፋው ዓይን እንዳይገባ ፊትን ማዞር ሌላ ሥራ ነው። ነጩን ከቀለሙ መለየት፣ መዘፍዘፍ፣ አንገትጌውን አስቀድሞ ማሸት፣ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ፣ በሁለት እጅ በተቃራኒ መጭመቅ። እያንዳንዱን ለብቻው፣ አንዱን ሳታውቅ ሌላው ላይ ሳልሄድ አስተማርኳት። ሦስት ጊዜ ማለቅለቁ እንዳይጠፋት ሦስት ጠጠር አጠገቧ አደርጋለሁ፤ ባለቀለቀች ቁጥር አንዱን ወደ ወንዙ ትወረውራለች። አንድ ቀን ጠጠር ማድረጉን ረስቼ ወደ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ፀሐይ ሊያዘቀዝቅ ነው፣ ልጄ ያንኑ አንድ ነጠላ ታለቀልቃለች፤ ጣቶቿ ነጭ ሆነው ተጨማደዋል።

«ምነው ልጄ?»

«አላለቀም» አለችኝ። ምን ታድርግ፤ የምትወረውረው ጠጠር የለም።

ወር ስታይ ምን እንደምታደርግም እንዲሁ አስተማርኳት። በር ከውስጥ መዝጋትም። የማታውቀው ሰው «ነይ» ቢላት መቀመጥ። አዎ፣ መቀመጥ። መሮጥ አትችልም፣ መጮኽ ትረሳለች፤ መሬት ላይ ከተቀመጠች ግን ሁለት ሰው አያነሣትም። ሰላምታ ማስተማሩ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ፈጀብኝ። ትልቅ ሰው ስታይ ትቆማለች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ ዝቅ ታደርጋለች፣ ጎንበስ ብላ «ጤና ይስጥልኝ» ትላለች። ይህን በተማረች ጊዜ ሰው ይመርቃት ጀመር። «እደጊ ልጄ» ሲሏት «አድጌያለሁ» ትላለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ደህና እየሆነልን ነው አልኩ።

ያኔ ነው ጣልያን ከተማውን የያዘው።

የየካቲቱን ሦስት ቀን አልጽፍም። አልጋ ሥር ሆነን አፏን በመዳፌ ይዤ እንዳሳለፍኩት፣ ላፍናት ጥቂት ቀርቶኝ እንደነበር፣ ይኸን ብቻ ልጻፍ። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት እንደ ሆድ ሕመም ገብቶብኝ ቀረ። 

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከቂርቆስ ወደ ላይ፣ ኋላ ካዛንቺስ ወደተባለው በኩል ለሹማምንቶቻቸው ቤት ይሠሩ ነበር፤ በዚያ መንገድ ልብስ ተሸክመን ስንወጣ አንድ ሹም ከጭፍሮቹ ጋር በእግሩ መጣ። መንገደኛው ሁሉ ቀኝ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። የታዘዘ ነገር ነው፤ እኔም ዘረጋሁ። ልጄ ግን ትልቅ ሰው መጣ ስትል እንዳስተማርኳት ሸክሟን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎንበስ አለች። እንዲህ አሳምራ ጎንብሳ አታውቅም። አንዱ ወታደር በጫማው ጎኗን መታት። ስትወድቅ «ጤና ይስጥልኝ» አለች፤ ገና ያን ሳትለው ነበርና የቀራትን መጨረሷ ነው። ያን ጊዜ ሁለተኛ መታት። እኔ እጄን ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ልጄ መሬት ላይ ናት፣ እኔ እጄን አላወረድኩም። እስኪያልፉ ድረስ አላወረድኩም።

ነገ ብቻዋን ብትሆንስ አልኩ። ሌላ ምን ልበል።

እንግዲህ እንዴት ላስተምራት? ልጄ ስትሄድ መሬት መሬቱን ታያለች፤ እንዳትወድቅ እግርሽ ሥር እይ ብዬ እኔው ያስለመድኳት ነው። የሰው ፊት አይታ፣ ልብስ አይታ ይሄ ጣልያን ነው ማለት አይሆንላትም። ጆሮዋ ግን ደህና ነው። በሰፈራችን ደግሞ ያኔ ጫማ የሚያደርግ አንድም አልነበረም፤ እኛ ሁላችን በባዶ እግር ነን። ሥሩ ምስማር የተመታበት ጫማ ቋ፣ ቋ እያለ የሚመጣ ከሆነ ከነሱ ሌላ ማንም አይሆንም። ስለዚህ በድምፅ ላስተምራት አልኩ። ብልሃት ያገኘሁ መስሎኝ ደስ አለኝ። ጫማ ሁልጊዜ የነሱ ብቻ ሆኖ የሚኖር መስሎኝ ነው። ነጻ እንወጣለን፣ የኛም ሰው ጫማ ያደርጋል ብሎ ማን አሰበ? እኔ አላሰብኩም። ስሕተቴ ይኸው ነው።

ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጣሁና አጋጨሁ። ቋ፣ ቋ። ቁሚ። ሸክምሽን መሬት አስቀምጪ። ቀና በይ። ቀኝ እጅሽን ዘርጊ። እስኪያልፍ አታውርጂ። ድንጋዩ ዝም ሲል እጇን ታወርዳለች፣ ቆሎ እሰጣታለሁ።

ጎረቤቴ ጠላ ሻጭ ናት፤ ግቢዋንና ግቢዬን የሚለየው አንድ አጥር ነው። በሦስተኛው ቀን ባጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምነው፣ ልጅቷን ለጦር ልታሰልፊያት ነው?»

«አንቺ ሳቂ። አንቺን የሚመታሽ የለ።»

«እኔንማ ማን ይመታኛል፤ ጠላውን ማን ሊቀዳለት!» አለችና ትንሽ አየችን። «ደሞ ድንጋዩ ጫማ አይመስልም እኮ። አንካሳ በቅሎ ነው የሚመስለው።»

እሄዳለሁ ሳትል ጠፋች። ስትመለስ በበሩ ገባች፤ ከየት እንዳመጣችው አልጠየቅኋትም፣ ምስማር የተመታበት የወታደር ጫማ አድርጋለች፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባለች። ሆዷን ወደፊት ገፍታ፣ አገጯን ሰቅላ፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ በግቢዬ ድንጋይ ላይ ቋ፣ ቋ እያለች ተመላለሰች። ያን ሹም ራሱን ሆነች። ልጄ ሳቀች፤ አባቷ ከዘመተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም። ያንጊዜም የያዘችውን እንስራ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች። ሳላዛት። ቀጥ ብሎ፣ ጣቶቿ ተገጣጥመው።

«ጎሽ!» አለች ጎረቤቴ። «አየሽ፣ አስተማሪ ማለት እኔ ነኝ። አንቺ ቆሎሽን ጠብቂ።»

ሳምንቱን ሙሉ ጠላዋን ስትጨርስ እየመጣች ተራመደችልን። ይህን አንባቢ ልብ ይበልልኝ። በዓለም ላይ ልጄ እጅ መዘርጋት ከማን እንደተማረች የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው፤ እኔና እሷ።

ትምህርቱ ሠራ። ማንም አልመታትም። ቤቶቹ ተሠርተው ሲያልቁ ላይ ካዛንቺስ ከአንደኛው የጣልያን ሹም ቤት ልብስ አጣቢ ገባሁ፤ ልጄን አስከትዬ። እመቤቲቱን ሲኞራ እንላት ነበር። መጀመሪያ ልጄን ስታይ አፍንጫዋን ነፋች። ኋላ አንሶላዎቹን ፀሐይ ላይ ዘርግታ ስትመረምር፣ አንገትጌውን በጥፍሯ ስትፍቀው ምንም ስታጣ፣ ወደ ልጄ ዞራ «ብራቫ» አለች፤ በነሱ ቋንቋ ጎበዝ ማለት ነው። ልጄ ቃሉን ይዛ ቤት መጣች። ስታበስልም ስትጠርግም «ብራቫ፣ ብራቫ» ትላለች። የገዛ አገሯ ሰው እንዲህ ብሏት አያውቅም። ያመሰገናትን ሰው መጥላት እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ ጠላኋትም። ግን ልጄን እንደ ሠራተኛ የቆጠራት የመጀመሪያው ሰው ጠላቴ መሆኑ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያቃጥለኛል።

ያም ሳይበላሽ አልቀረም። ባልዬው ነገሩን አወቀባት። ጫማው ሲሰማ ልጄ የያዘችውን አስቀምጣ እጇን እንደምትዘረጋ አየና መጫወቻ አደረጋት። እንግዳ ሲመጣ በረንዳው ላይ ቋ፣ ቋ ይላል፤ ልጄ የታጠበውን አንሶላ ጭቃው ላይ አስቀምጣ ትቆማለች፤ እነሱ ይስቃሉ። ይቆማል፤ እጇን ታወርዳለች። እንደገና ይራመዳል። አንሶላውን እንደገና የምናጥበው እኛ ነን። አንድ ቀን ስድስት ጊዜ እጇን አስነሣት። እሷ ወደ እኔ እያየች፣ ቆሎዋን የምጠብቅላት መስሏት፣ ፈገግ ትላለች። እኔም ሳቅሁ። ከእንግዶቹ ጋር ሳቅሁ። እውነቱን ካልጻፍኩ ምን ልጽፍ ተነሣሁ። እየሳቁባት እስከሆነ ድረስ አይመቷትም ብዬ ነው የሳቅሁት።

ዓመታቱ እንዲህ አለፉ። ልጄ ሃያ ሞላት። ልብስ ታጥባለች፣ ብቻዋን ወንዝ ወርዳ ትመለሳለች፣ በሯን ትዘጋለች፣ ጫማ ሲመጣ ታውቃለች። ማታ ስተኛ ነገ ብሞትም ግዴለም ማለት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ጣልያን ወጣ።

አርበኞቹ ወደ ከተማው የገቡ ሰሞን ሰው ሁሉ ቄጤማ ይዞ መንገድ ላይ ነበር። እልልታው ጆሮ ይበጥሳል። እኔም ልጄን ይዤ ወጣሁ፤ ያ ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ወጣልኝ፣ እያለቀስኩ እልል አልኩ። ጎረቤቴ ከፊታችን ናት፤ ከሁሉ በላይ ድምፅዋ ይሰማል። ጠጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ፣ ልብሳቸው የነተበ አርበኞች ያልፋሉ። አብዛኞቹ በባዶ እግራቸው ናቸው። ልጄም እንደ ሰዉ ቄጤማዋን ታውለበልባለች።

አንዱ ግን ጫማ አድርጓል። ከጣልያን የማረከው የወታደር ጫማ፣ ምስማር ያለው። ወደ እኛ ወዳለንበት ዳር ወጣ። ቋ፣ ቋ።

ልጄ ቄጤማዋን መሬት አስቀመጠች። ቀና አለች። ቀኝ እጇን ዘረጋች።

ሰውዬው ቆመ። አጠገባችን ያለው እልልታ ቆመ።

«ምን አልሽ?» አላት። «አንቺ! የማን ሰላምታ ነው ይሄ?»

«ጫማ!» አለችው ልጄ እየሳቀች።

«የባንዳ ዘር! ዛሬም ታሾፊያለሽ?»

«ጌታዬ፣ አይገባትም፣ ልጅ ናት፣ አእምሮዋ…» ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ።

«ሰላምታው እንዴት ገባት ታዲያ?» አለኝ። «ማን አስተማራት?»

ዞሬ ጎረቤቴን አየኋት። ከእኔ እስከ እሷ ሁለት ክንድ አይሆንም። አንድ ቃል ብትናገር፣ «እኔም አስተምሬያታለሁ፣ እንዳይመቷት ነው» ብትል፣ ሁለት ሰው ያለው ነገር ይታመናል። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰችና እልልታዋን ለቀቀችው። ለጣልያን ወታደርም ጠላ ስትቀዳ የኖረች ናት፤ ያንን የሚያስታውስባት ሰው እንዳይኖር ፈርታ ነው። ዛሬ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ያን እልልታ ስሰማ ከሰውየው ይልቅ እሷን ጠላሁ። የልጄ እጅ አሁንም አልወረደም፤ ሰውየው ገና አላለፈማ። በጠብመንጃው ሰደፍ ክንዷ ላይ መታት። ሲሰበር ሰማሁት።

ወጌሻው ክንዷን በቀርቀሃ አስሮ አንገቷ ላይ በጨርቅ አንጠለጠለላት። ከአንድ ወር በላይ እንዲሁ ኖረች። በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም ክፉ አላያትም። ጫማ ያደረገ ሰው ሲያልፍ ትቆማለች፣ ክንዷ ከእስሩ ውስጥ ይንፈራገጣል፣ ሰው «እጇን አሟት ነው፣ እግዜር ይማራት» ብሎ ያልፋል። ወጌሻው ፈታትና «ድኗል» አለ። በሦስተኛው ቀን አንድ የመንግሥት ሰው ጫማውን አስወልውሎ በደጃችን ሲያልፍ እጇ ተነሣ። እሱ አልመታትም። ምራቁን ተፋ።

ያስተማርኩትን ላስረሳት ተቀመጥኩ። ያንኑ ሁለት ድንጋይ አወጣሁ። ቋ፣ ቋ፤ እጇ ሲነሳ ይዤ አወርደዋለሁ፣ እሷ ታነሳዋለች፣ አወርደዋለሁ።

«እማ፣ ጫማ እኮ ነው!» አለችኝ። የረሳሁ መሰላት። «ጫማ እማ! አንቺም አንሺ!» ብላ የኔን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ ታነሳልኛለች። እንዳልመታ ፈርታልኝ ነው። የማስረሳት ትምህርት እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። እሷ አንዴ ያወቀችውን አታጣም።

እሺ፣ እጇ ሥራ ይያዝ አልኩ። ቀኝ እጇ ላይ ሁልጊዜ ቅርጫት አስያዝኳት። ጫማ ሲመጣ ቅርጫቱን ቀስ አድርጋ መሬት አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች። ሸክምሽን አስቀምጪ ብዬ ያስተማርኩ እኔ ነኛ!

በመጨረሻ የወጌሻው ነገር ትዝ አለኝ። ከመቀነት ጫፍ ቀድጄ የእጅ አንጓዋን ከወገቧ ጋር አሰርኩት። ከላይ ነጠላ ስታደርግ አይታይም። ጫማ ሲመጣ ክንዷ ይሳባል፣ መቀነቱ ይይዘዋል። ማንም አያይም።

ይህም ዋጋ አለው። በአንድ እጅ ልብስ አይታጠብም። ካዛንቺስ በነዚያው ቤቶች የኛ ትልልቅ ሰዎች ገብተዋል፤ ሁሉም ጫማ ያደርጋሉ። ከአንዱ ቤት ሥራ ገብታልኝ፣ እጇ ተፈትቶ ግቢ ውስጥ ስታጥብ ጌታው ከቤት ወጣ፤ እኔ ስሮጥ ሳልደርስ እጇ ተነሣ። በዚያው ቀን አሰናበቱን። አሁን የምፈታት ወንዝ ዳር ብቻ ነው፣ ጫማ ያለው ሰው ከማይደርስበት ከታች ጥግ፤ የሰፈሩን ነጠላ እናጥባለን። ያንን ሁሉ ዓመት እጇን ሥራ ሳስተምር ኖሬ፣ ጠዋት ጠዋት የማስረው ያንኑ እጅ ነው።

አሁን ስለ ጎረቤቴ ልጻፍ። ዓመት ከመንፈቅ አላነጋገርኳትም። ጠላ ልካ መልሻለሁ። ባጥር ላይ ብቅ ስትል ገብቼ በሬን ዘግቻለሁ። ባለፈው ክረምት ግን ብርቱ ትኩሳት ያዘኝና ስድስት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ልጄ ጠዋት ጠዋት መቀነቱን ይዛ ትመጣለች፣ እጇን ትዘረጋልኛለች፣ እንዳስራት ትጠብቃለች። በራሷ እጅ የራሷን እጅ ማሰር አይሆንላትም፤ ያንን ላስተምራት ብዬ ሞክሬያለሁ፣ እኔም ራሴ አልሆነልኝም። በአራተኛው ቀን ጣቶቼ ቋጠሮውን አልቋጥር አሉ። ልጄ እስከ ማታ እጇን ዘርግታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስትጠብቅ ዋለች።

ስሻለኝ አጥሩ ጋ ሄድኩ።

«አንቺ» አልኳት።

ጋን ስታጥን ነበር። ቀና አላለችም። «አፍ አለሽ ለካ» አለች።

«አፍ ያለኝስ እኔ አይደለሁም። አፍ ያለው ሌላ ነበር፣ ያን ቀን።»

ጋኑን ተወችው። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ደግማ ጠረገች። «ፈርቼ ነው» አለች። «ምን ትይኛለሽ፤ ፈራሁ። አንቺ እጅሽን ዘርግተሽ ስትቆሚ አልፈራሽም ነበር?»

እጄን ዘርግቼ መቆሜን እኔ ነኝ የነገርኳት፤ ድሮ፣ ስታስተምርልኝ።

«እኔ ስሞት የምታስሪያት አንቺ ነሽ» አልኳት። «ሌላ የሚያውቅ የለም። ይቅር ብዬሽ አይደለም። ሌላ ሰው ስለሌለኝ ነው።»

«እኔ ካንቺ በዕድሜ እበልጣለሁ እኮ፣ አንቺ ሞኝ» አለችኝ። ዓይኗ ግን ሞልቶ ነበር። «እሺ፣ አሳይኝ።»

ጠዋት መጣች። ልጄ መቀነቱን አምጥታ እጇን ዘረጋች። ጎረቤቴ አሰረችው።

«እንደሱ አይደለም» አለቻት ልጄ።

«እንዴት ነው ታዲያ፣ የኔ አስተማሪ?»

«በታች። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዛ ታጠብቂዋለሽ።»

ፈታችና እንደገና አሰረች። «አሁንስ?»

«ላላ» አለቻት ልጄ።

ሦስተኛ ሲሆን አጠበቀችው። ያን ጊዜ ባጥሩ ማዶ በመንገዱ ጫማ ያደረገ ሰው አለፈ።  ልጄ ቆመች፣ ቀና አለች፤ ክንዷ መቀነቱን ሁለት ጊዜ ሳበው። ጎረቤቴ በሁለት እጇ ቋጠሮውን ይዛ እኔን ታየኛለች። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ አልለቀቀችውም።

«ብራቫ» አለች ልጄ፣ ጎረቤቴን።